የእትዬ ኩላሊት፣ የጋሼ እግር

 

ሰሞኑን ስለ ታላቅ ወንድሜ ሁለት መስመር ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ በዛ። «ቲቸር፣ ኩላሊት የተተከለለትን ሰው ካንሰር ይይዘዋል የሚባለው እውነት ነው?» «አባቴ ለንቅለ ተከላ ወረፋ እየጠበቀ ነው፤ ይቅርበት ወይ?» «ካንሰር የሚያመጣው ክኒኑ ነው አሉ፤ ብናስቆመውስ?» አንዷ ጠያቂ ድሮ ከፊት ወንበር የማትጠፋ ጎበዝ ተማሪዬ ነበረች። እናቷ ከተተከለላቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ሰው ቲክቶክ ላይ ያየውን ነግሯት ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ መመለስ ስላልቻልኩ እዚሁ ልጻፈው። ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኔ ሐኪም አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅኩ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። እዚህ የምጽፈው ወንድሜን ይዤ ስመላለስ ከሐኪሞቹ የሰማሁትንና ከዚያ በኋላ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ ከጥናቶቹ ያነበብኩትን ነው። (የጥናቶቹ ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

መልሱን ከላይ ላስቀምጠው። አዎ፣ እውነት ነው፤ ኩላሊት የተተከለለት ሰው በካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ይጨምራል። አይ፣ በዚህ ምክንያት ንቅለ ተከላው ይቅርበት አይባልም። ክኒኑንም በራሱ ፈቃድ ማቆም የለበትም። ሦስቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ነው እንግዲህ የምነግራችሁ።

ወንድሜን ቤት ውስጥ «ጋሼ» ነው የምንለው። የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ደም ግፊቱ ሳይታወቅ ኖሮ ኖሮ ሁለቱንም ኩላሊቶቹን ጨረሰበት። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ከእጥበት ማሽን ጋር መታሰር ሆነ። በቤቱ እጥበት የገባበት ሰው ያውቀዋል፤ ቀኑ ሰኞ ማክሰኞ መባሉ ይቀርና «የእጥበት ቀን» እና «የእረፍት ቀን» ይባላል። አባታችን የተከለውን ባሕር ዛፍ ሸጥን። የሹፌር ጓደኞቹ አዋጡ፤ የዕድሩ ሰዎችም አልቀሩም። በመጨረሻ እህትና ወንድም ሁላችንም ተመረመርን። የእኔ አልሆነም፤ የተስማማው የእትዬ ሆነ።

እትዬ የሦስት ልጆች እናት ናት። ሐኪሞቹ ለብቻዋ አስገብተው «ያስገደደሽ ሰው አለ ወይ?» ብለው ሲጠይቋት «አዎ፣ እናቴ! ከአንድ ማህፀን አወጣችን» ብላ አሳቀቻቸው።

ተሳካ። ውኃ በሲኒ እየተለካ ይሰጠው የነበረ ሰው ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ጠጥቶ «ሌላ ጨምሩልኝ» ሲል እማዬ ወጥታ በረንዳ ላይ አለቀሰች። እኛ ቤት በሽታው በዚያ ቀን ያለቀ መስሎን ነበር። ሰፈርተኛውም «እንኳን ማርያም ማረችህ» ብሎ ጨረሰው።

በዓመት ከሁለት ወሩ ይመስለኛል፣ ለተራ ክትትል ሄድን። የደም ምርመራው ጥሩ ነው፤ ክሪያቲኒኑ ጥሩ ነው፤ ልንወጣ ስንል ሐኪሙ «እስቲ ካልሲዎትን ያውልቁ» አሉት። ጋሼ አፈረ፤ ከመንገድ ነው የመጣነው። አወለቀ። ከቁርጭምጭሚቱ በታች የበሰለ ወይን ቀለም ያላቸው ሦስት ነጠብጣቦች ነበሩ። «ይሄ ጫማ ፍቆኝ ነው» አለ። ሐኪሙ በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው አዩትና ናሙና እንዲወሰድ አዘዙ። ውጤቱ «ካፖሲ ሳርኮማ» ሆኖ መጣ። ካንሰር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና ወደ ክፍል ልመልሳችሁ። ስለ ነጭ የደም ሴል ያስተማርኳችሁን አስታውሱ። ሰውነታችን ዘበኛ አለው ብያችሁ ነበር። ቀንና ሌሊት እየዞረ «አንተ የማን ነህ?» እያለ የሚጠይቅ። ይህ ዘበኛ ከውጭ የገባ ጀርም ይመታል። ግን ሥራው ይሄ ብቻ አይደለም። ከራሳችን ሴሎች መሐል ተበላሽቶ ሥርዓት የለቀቀውን ይለቅማል፤ እንደገናም በውስጣችን ለዓመታት ተኝተው የሚኖሩ ቫይረሶች እንዳይነሱ ይጠብቃል።

አሁን የሌላ ሰው ኩላሊት ሲገባ ምን ይሆናል? ዘበኛው ዝምድና አያውቅም። የእህት ይሁን የባዳ፣ ለእሱ «የእኛ ያልሆነ» ነው፤ ያጠቃዋል። በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በታኅሣሥ 1954 ቦስተን ውስጥ በዶክተር ጆሴፍ መሪ ሲሠራ፣ ሰጪውና ተቀባዩ አንድ ዓይነት መንትዮች ነበሩ። የተሳካበት ምክንያት ይሄው ነው፤ ዘበኛው ሊለያቸው አልቻለም። መንትያ ለሌለን ለእኛ ግን መፍትሔ የሆነው ዘበኛውን የሚያደክም መድኃኒት ነው። በ1960ዎቹ አዛታዮፕሪን መጣ፤ በ1980ዎቹ ሳይክሎስፖሪን፤ አሁን ብዙዎች የሚወስዱት ታክሮሊመስን፣ ማይኮፌኖሌትንና ፕሬድኒሶሎንን ነው። ጋሼም እነዚህን ነበር የሚወስደው፤ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት፣ ስልኩ ይጮሃል፣ ይውጣል።

ችግሩ ምንድን ነው? ዘበኛው ሲደክም ኩላሊቱ በር ላይ ብቻ አይደለም የሚደክመው። በሁሉም በር ላይ ይደክማል። የተበላሸውን ሴል መልቀም ይዘገያል፤ የተኙትም ቫይረሶች ይነሳሉ።

ይህንን ሰዎች ቀድመው ነው ያዩት። ገና በ1960ዎቹ መጨረሻ ዴንቨር ላይ እነ ቶማስ ስታርዝልና እስራኤል ፔን ኩላሊት በተተከለላቸው ሰዎች ላይ ሊምፎማ የሚባል የንፍፊት ካንሰር ሲወጣ አይተው ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች በብዙ ሺህ ሰው ነው። ሁለቱን ብቻ ልንገራችሁ።

አንደኛው የአውስትራሊያ ነው፤ በ2006 የወጣ። 28,855 የኩላሊት ሕመምተኞችን በሦስት ወቅት ከፍሎ አያቸው። እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ከመጀመራቸው በፊት የካንሰሩ ቁጥር ከሌላው ሕዝብ 1.16 እጥፍ ነበር። በእጥበት ላይ ሳሉ 1.35 እጥፍ። ከንቅለ ተከላ በኋላ ግን 3.27 እጥፍ። አያችሁት? የኩላሊት ሕመሙ ራሱ ትንሽ ይጨምራል፤ ትልቁ ዝላይ የሚመጣው ግን ዘበኛው እንዲደክም ከተደረገ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የአሜሪካ ነው፤ በ2011 የወጣ። ከ175,000 በላይ የኩላሊት፣ የጉበት፣ የልብና የሳንባ ንቅለ ተከላዎችን ተከታተለ። በጠቅላላው ካንሰሩ ሁለት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በዝርዝር ሲታይ ግን ሁሉም ካንሰር እኩል አልጨመረም። የጡትና የፕሮስቴት ካንሰር አልጨመረም። ሊምፎማ ከሰባት እጥፍ በላይ ጨመረ። ካፖሲ ሳርኮማ ደግሞ ከ60 እጥፍ በላይ።

«እጥፍ» የሚለውን ቃል ተጠንቀቁበት። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ከ1,000 ሰው 2 ሰው የሚይዝ በሽታ ሁለት እጥፍ ሆነ ማለት 4 ሰው ያዘ ማለት ነው። 996ቱ አልተያዙም። ቲክቶክ ላይ «እጥፍ» የሚለውን ይነግሯችኋል፤ የምን እጥፍ እንደሆነ አይነግሯችሁም። ሒሳብ ለዚህ ነው የሚያስፈልገው ልጆች።

ለምን እነዚህ ካንሰሮች ተመርጠው ጨመሩ? ብዙዎቹ ከጀርባቸው ቫይረስ ስላለ ነው። ከሊምፎማው ጀርባ ብዙ ጊዜ ኤፕስታይን-ባር የሚባል ቫይረስ አለ። ከጉበት ካንሰር ጀርባ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ። ከማህፀን በር ካንሰር ጀርባ ኤች.ፒ.ቪ.። ከካፖሲ ጀርባ ደግሞ በ1994 ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ያገኙት ሄርፒስ ቫይረስ 8። ይህ ቫይረስ በአፍሪካ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በሜዲትራኒያን አካባቢ ከሌላው ዓለም ይበዛል። በ1980ዎቹ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በተሠራ ጥናት ከኩላሊት ንቅለ ተከላ በኋላ በብዛት የታየው ካንሰር ካፖሲ ነበር። ፈረንጆቹ ጋ የቆዳ ካንሰር በጣም ያስቸግራል፤ እኛ ጋ ደግሞ ይሄኛውን ማወቅ አለብን።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ፤ ከባዱ ነገር የተፈጠረው እዚያ ነው።

በመጀመሪያ ሐሜቱ መጣ። ካፖሲ የሚለውን ስም በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው የሚያውቀው ከኤድስ ጋር ነው። አንዲት ጎረቤት «በሽታው ሌላ ነው እንዴ?» ብላ እማዬን ጠየቀቻት። ጋሼ ከንቅለ ተከላው በፊትም በኋላም ተመርምሮ ነጻ ነው። ግን ግንኙነቱ ባዶ አይደለም፤ ላስረዳችሁ። በ2007 የወጣ አንድ ጥናት ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለባቸውን ሰዎችና አካል የተተከለላቸውን ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ አየ። በሁለቱም ላይ የሚጨምሩት ካንሰሮች በብዛት አንድ ዓይነት ሆነው ተገኙ። የእነዚህ ሰዎች አኗኗር ይለያያል፤ የሚያመሳስላቸው ዘበኛው መድከሙ ነው። በአንዱ ቫይረስ አደከመው፣ በሌላው መድኃኒት። ስለዚህ በሽታውን እያዩ ሰውን መፍረድ በሁለቱም በኩል ስሕተት ነው።

ሁለተኛው የእትዬ ነገር ነው። ውጤቱን በሰማች ማታ ደወለችልኝ። ሰላም እንኳ አላለችም። «እኔ ነኝ የሰጠሁት? ከእኔ ኩላሊት ጋር ነው የገባው?» አለችኝ። ምን ይባላል? በማግሥቱ ይዣት ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። እሳቸውም አልዋሿትም። «ቫይረሱ ብዙ ጊዜ በተቀባዩ በራሱ ሰውነት ተኝቶ የኖረ ነው። አልፎ አልፎ ከሰጪው የሚመጣበት ጊዜም አለ። ከየት እንደመጣ ማወቁ ግን ሕክምናውን አይለውጠውም። አንቺ የሰጠሽው ኩላሊት ነው፤ እሱም እየሠራ ነው» አሏት። እትዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ብዙ ቆየች።

ሦስተኛው «ይነገረው ወይስ አይነገረው» ነው። ይሄ የሁላችንም አገር ልማድ ነው መቼም። ካንሰር የሚለው ቃል ለታማሚው አይነገርም፤ ለቤተሰቡ በኮሪደር ይነገራል። አጎታችን «ቃሉን ከሰማ ያኔውኑ ይሞታል» አሉ። እማዬም ከእሳቸው ጋር ሆነች። እኔና እትዬ ይነገረው አልን። ምክንያታችን ቀላል ነበር፤ እግሩን በየቀኑ የሚያየው እሱ ነው። አዲስ ነጠብጣብ ቢወጣ ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነው። ምን እንደሚፈልግ ያልተነገረው ሰው ምኑን ይፈልጋል? ሦስት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ እትዬ ራሷ ነገረችው። ጋሼ ጸጥ ብሎ ሰማትና «ታዲያ ለዚህ ነው እንዴ ሦስት ቀን ሙሉ ስገባ ዝም የምትሉት? እኔ ባሕር ዛፉን መልሱ ልትሉኝ መስሎኝ ነበር» አለ።

ከዚያ የሕክምናው ውሳኔ መጣ። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ካንሰሩ እንዲመለስ ዘበኛው መንቃት አለበት። ዘበኛው እንዲነቃ መድኃኒቱ መቀነስ አለበት። መድኃኒቱ ሲቀነስ ግን ዘበኛው የእትዬን ኩላሊት ሊያጠቃው ይችላል። ካንሰሩን ስትሸሽ ኩላሊቱን ልታጣ፣ ኩላሊቱን ስትጠብቅ ካንሰሩን ልትመግብ። ሐኪሙ ይህንን በግልጽ ሲነግሩን ሁላችንም ያየነው እትዬን ነው። እሷ ግን ቶሎ መለሰች፦ «ኩላሊቱ ቢሄድ ይሂድ። ወንድሜ ይትረፍልኝ።»

ደግነቱ ሌላ መንገድ ነበረ። ሲሮሊመስ የሚባል መድኃኒት አለ። ታሪኩ ደስ ስለሚል ልንገራችሁ። በ1964 ወደ ፋሲካ ደሴት፣ ማለትም ፓሲፊክ ውቅያኖስ መሐል ወዳለችው ራፓ ኑይ፣ የካናዳ ተመራማሪዎች ሄደው አፈር ሰበሰቡ። ከዚያ አፈር ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ ይህ መድኃኒት ወጣ። ሌላ ስሙ ራፓማይሲን የሆነውም በደሴቷ ስም ነው። የተተከለውን ኩላሊት ዘበኛው እንዳያጠቃ ያግዛል፤ በሌላ በኩል ደግሞ የካፖሲን ዕድገት ይገታል። በ2005 ጣሊያን ውስጥ በ15 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ። ሁሉም ኩላሊት የተተከለላቸውና ካፖሲ የወጣባቸው ነበሩ። ሳይክሎስፖሪኑን አስቁመው ሲሮሊመስ ሰጧቸው። በሦስት ወር ውስጥ የቆዳ ነጠብጣቡ በሁሉም ጠፋ፤ ኩላሊታቸውም አልተጎዳም። 15 ሰው ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ካንሰር የሚሠራ መድኃኒት አይደለም፤ የራሱም የጎንዮሽ ጉዳት አለው። ለእኛ ግን የተከፈተ በር ነበር።

የጋሼም መድኃኒት ተለወጠ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አልረሳቸውም። በየሳምንቱ ደም፣ በየሳምንቱ ክሪያቲኒን። እትዬ ውጤቱን ሳትሰማ ምሳ አትበላም ነበር። ነጠብጣቦቹ መጀመሪያ ጠቆሩ፤ ከዚያ ጠፍጣፋ ሆኑ፤ ከዚያ ደበዘዙ። አሁን የቀረው ጥላ የሚመስል ነገር ነው። ኩላሊቱ ይሠራል። «ዳነ» የሚለውን ቃል ግን ሐኪሙ አይጠቀሙትም፤ እኛም አንጠቀምም። «በክትትል ላይ ነው» ነው የምንለው።

አሁን «ይቅርበት ወይ?» ላላችሁኝ። በ1999 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ትልቅ ጥናት በእጥበት ላይ ሆነው ወረፋ የሚጠብቁትን ከተተከለላቸው ጋር አነጻጸረ። በረጅም ጊዜ የተተከለላቸው የመሞት ዕድል በ68 በመቶ ያነሰ ነበር። የካንሰሩ አደጋ ተቀንሶም ትርፉ ይሄ ነው። በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ንቅለ ተከላ ሲጀመር ስንት ቤተሰብ ተስፋ እንዳገኘ ታውቃላችሁ። ያንን ተስፋ በወሬ አትዝጉት። ብቻ ሙሉውን አውቃችሁ ግቡ። ንቅለ ተከላ የሕመሙ መጨረሻ ሳይሆን የክትትል ኑሮ መጀመሪያ ነው።

ከሐኪሞቹ የተማርኩትን ላካፍላችሁ፤

1. ክኒኑን በራሳችሁ አታቁሙ፣ አትቀንሱ። የጋሼ መድኃኒት የተለወጠው በሐኪም እጅ፣ ደም እየታየ ነው። ጠበል የምትሄዱ ሂዱ፤ ክኒናችሁን ግን ይዛችሁ ሂዱ። የባህል መድኃኒት ከመውሰዳችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ የክኒኑን መጠን በደም ውስጥ ሊያዛባ ይችላል።

2. ገላችሁን እዩ። እግር፣ አፍ ውስጥ፣ ጀርባ። አዲስ ነጠብጣብ፣ የማይድን ቁስል፣ አንገት ወይም ብብት ላይ ያበጠ ንፍፊት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ።

3. ሴቶች የማህፀን በር ምርመራ አትዝለሉ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከንቅለ ተከላው በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ጠይቁ። በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ሴት ልጆች መሰጠት የጀመረው የኤች.ፒ.ቪ. ክትባትም ከዚሁ ካንሰር ነው የሚከላከለው። ወላጆች፣ ትምህርት ቤት ሲመጣ ልጃችሁን አታስቀሩ።

4. ፀሐይ ላይ ባርኔጣ አድርጉ፤ በተለይ ቆዳችሁ ነጣ ያለ። ሲጋራ ይቅር።

5. ከዚህ በፊት ካንሰር ታማችሁ ከነበረ ከንቅለ ተከላው በፊት ተናገሩ። እንደ ካንሰሩ ዓይነት መጠበቅ ያለበት ጊዜ አለ።

6. ለታማሚው ንገሩት። ቃሉ አይገድልም። የራሱ ገላ ነው፤ ጠባቂውም ራሱ ነው።

ለዚያች ለተጨነቀችው ተማሪዬ፦ እናትሽ ክኒናቸውን ይቀጥሉ። አንቺም ዛሬ ማታ እንደ ልጅነታችን እግራቸውን እጠቢያቸው፤ እያጠብሽ ደግሞ እግራቸውን፣ ጥፍራቸውን፣ መሐል ጣታቸውን በደንብ እይ። ምንም ከሌለ ተመስገን ብለሽ ተኚ። የሆነ ነገር ካየሽ ነገ ጠዋት ሐኪማቸው ጋ ይዘሻቸው ሂጂ።

ቤቱ የተተከለለት ሰው ላለው ሁሉ አድርሱልኝ። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ የማላውቀውን ለሐኪሙ እጠይቅላችኋለሁ።

ጤና ይስጥልን።